የ«ዝምታ» ጠርዝ

«እስቲ የመጀመሪያዋን ዮዮ አምጪያት፤ አንድ ጊዜ ብቻ ወርውሬያት አባትሽን ልሰናበተው» አሉ ጋሽ ኩማጋይ፣ ጥቁር ክራቫታቸውን እያላሉ።

ናጊሳ ሻይ ልትቀዳላቸው ጎንበስ እንዳለች ቀረች። በክር የምትሽከረከረው ዮዮ እዚያው፣ ከጎኗ ባለው ጥቁር ቦርሳ ውስጥ ነበረች። ዕቃው ሁሉ ተዘበራርቋል፣ ቆይቼ እፈልጋታለሁ አለቻቸው። ውሸቱ እንዴት ቀሎ እንደወጣላት ራሷንም ገረማት።

አባቷ ሞሪዋኪ ኢዋኦ ከሞተ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሳጥኑ ሂጋሺ ኦሳካ ውስጥ፣ ብረት ይቀርጽበት ከነበረው ከገዛ ቶርኖ ቤቱ በላይ ባለው ሳሎን፣ በነጭ አበባ ተከቦ ተቀምጧል። የሰፈሩ ቶርኖ ሠራተኞች እየገቡ እጅ ይነሳሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ይንሾካሾካሉ። ጋሽ ኩማጋይ ከእነሱ ወገን አይደሉም፤ የብረት ዮዮ የሚሰበስቡ ሰው ናቸው፤ አራት መቶ ያህል በመስታወት ሳጥን ደርድረዋል ይባላል። እሳቸው አንዲት ዮዮ እጃቸው ከገባች ጠርዟን ዙሪያውን በአውራ ጣታቸው ሳይዳስሱ አይመልሱም። ናጊሳን እንቅልፍ የነሳት ይኸው አውራ ጣት ነው።

ኢዋኦ ዕድሜውን ሙሉ የውሃ ፓምፕ ዕቃ ሲቀርጽ የኖረ ሰው ነበር። አንድ ቀን ልጁ በፕላስቲክ ዮዮ ስትጫወት አየና፣ ይሄማ ቶሎ የሚቆመው ክብደቱ መሐሉ ላይ ስለተከመረ ነው አለ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! ዮዮ በአሉሚኒየም ቀርጾ መሐሏን አሳሳ፣ ክብደቷን ወደ ጠርዝ ገፋ፣ እንደ ልብ የሚያሽከረክራት ትንሽዬ ኩሽኔታ ፈልጎ አስገባላት። ስምንቱን አልወደዳቸውም፤ ከብረት ፍቅፋቂው ጋር ጣላቸው። ዘጠነኛዋ ግን ክሩ ጫፍ ላይ ስትሽከረከር የቆመች ትመስል ነበር። ጥፍሩን ጠርዟ ላይ ቢያስጠጋ ምንም አልነዘረውም። «ዝምታ» ብሎ ሰየማት። እንደሷ ያሉ አሥራ ሁለት ብቻ ሠራ፤ ሰብሳቢዎቹ አበዱ። የመጀመሪያዋን ለናጊሳ ሰጣት።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ ከአገር አቀፉ የዮዮ ውድድር አንድ ቀን ሲቀረው ናጊሳ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ስትለማመድ ዮዮዋ ከሲሚንቶው ጋር ተላተመች። የሩዝ ፍሬ የምታህል ስርጉድ ጠርዟ ላይ ቀረች። ለአባቷ ብትነግረው እዚያው ቀን ሌላ ይሰጣት ነበር። ግን አፈረች፤ ደበቀችው። በማግስቱ መድረክ ላይ ዮዮዋ ተንቀጠቀጠች፣ ክሩ ተጠላለፈ፣ ናጊሳ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ተሸነፈች። ከመድረኩ ጀርባ እነ ጋሽ ኩማጋይ ከበው ምን ሆነሽ ነው ሲሏት፣ አባቷ እዚያው ቆሞ ሳለ፣ «ዮዮዋ ናት የምትንቀጠቀጠው። አባዬም እንግዲህ እጁ አርጅቷል» አለች።

አባቷ ተቀበላትና ጠርዟን በጥፍሩ ዞረ። ጥፍሩ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። እሱ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረ።

«እውነቷን ነው፤ አርጅቷል» አለ።

ወሬው ተዛመተ። ኢዋኦ ከዚያ ወዲህ አንድም ዮዮ አልሠራም። ስድስት ዓመት ሙሉም ስለዚያች ስርጉድ ትንፍሽ አላለም። ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

እንግዶቹ ሱሺ ሊቀምሱ ወደ ታች ሲወርዱ ናጊሳ ከሳጥኑ ጋር ብቻዋን ቀረች። ቦርሳዋን ከፈተች። ዮዮዋን በነጩ መገነዣ ቀሚስ እጅጌ አስገብታ ከክንዱ ሥር ሸጎጠቻት። ነገ አስከሬኑ ሲቃጠል አብራው ትቃጠላለች፤ ማንም አይዳስሳትም፤ አለቀ። እንዲህ እያለች ደረጃውን ወረደች።

በማግስቱ ጠዋት ነጭ ጓንት ያደረገችው ቀብር አስፈጻሚ መጣች። መነጽርም ሆነ ሰዓት፣ ማንኛውም ብረት ነገር ሳጥኑ ውስጥ ካለ አሁኑኑ ይውጣ ብላ በትሕትና ለመነች። በተለይ አሉሚኒየም ቀልጦ አጥንት ላይ ይጣበቃል አለች፤ አንዴ ከተጣበቀ አይላቀቅም።

ከሰዓት በኋላ፣ ቃጠሎው ሲያልቅ፣ እንደ ልማዱ ናጊሳና እናቷ ፊት ለፊት ቆመው የአባቷን አጥንት ከአመዱ በቀጫጭን እንጨት እየለቀሙ የአጽም ማኖሪያው ማሰሮ ውስጥ ይከታሉ። ከእግሩ ጀምረው ወደ ላይ ይመጣሉ፤ ክንዱ ላይ ይደርሳሉ። ዕድሜ ልኩን ቶርኖ ሲዘውር የኖረው ክንድ የእሷ ውሸት ቀልጦበት ይወጣል። አሁን ብታወጣት ደግሞ ጋሽ ኩማጋይ ከሳጥኑ ማዶ ቆመዋል።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መሰለ» አለች እናቷ ፉሚኮ፣ አበባ እያቀበለቻት።

ምንም አልሆንኩም አለችና አበባውን በአባቷ አንገት ዙሪያ ደረደረች። ሁለቱ ወደቁባት። ሰው ሁሉ አበባውን አስቀምጦ ጨረሰ። ሁለት ወንዶች ክዳኑን ከግድግዳው አንሥተው መጡ። ክዳኑ ሳጥኑ አናት ላይ ደረሰ።

«ቆዩ» አለች ናጊሳ።

እጇን እጅጌው ውስጥ ከተተች። በረዶ ሲያቀዘቅዘው ያደረው ክንድ ጣቶቿን አደነዘዛቸው። ዮዮዋን አወጣቻት።

እናቷ አፏን በእጇ ያዘች፤ ወዲያው እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ወይ ልጄ፣ አብራው እንድትሄድ ፈልጋ እኮ ነው» አለች ለሰው ሁሉ። ጋሽ ኩማጋይም መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«አይዞሽ፣ ይገባኛል። በይ አስቀምጫት፤ አልነካብሽም» አሏት።

መውጫው ይኸው ተከፈተላት። ዝም ብትል ይበቃ ነበር፤ ቦርሳዋ ውስጥ ትመልሳታለች፣ ክዳኑ ይዘጋል፣ ጉዳዩ አብሮ ይዘጋል። አባቷም ለእሷ ሲል ዝም ብሎ ነው የሞተው። ፍርሃቱ አልለቀቃትም። እንደፈራች ሳጥኑን ዞራ ሽማግሌው ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ የአባዬ እጅ አላረጀም ነበር።»

አውራ ጣታቸውን ይዛ ጠርዙ ላይ አስቀመጠችና ዮዮዋን ቀስ አድርጋ አዞረቻት፣ ጣታቸው ስርጉዷ ላይ እስኪቆም ድረስ።