የተገፈፈ ከስክስ

"ጋሼ አለሙ፣ ፊቱን ብቻ ለወጥ ያድርጉት፤ ሌላውን ማን ነካብዎት?" አለች የኤግዚቢሽኑ አስተባባሪ ሙሉወርቅ። በሩ ሊከፈት ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል።

"የሆነውን ነው የሣልኩት" አለ አለሙ።

ሥዕሉ ስደተኞች በሚኖሩባት በዋይትሆል ከተማ ባለው የሐበሻ ኮሚኒቲ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ግንቦት ሰማንያ ሦስት፣ ጦርነቱ ባለቀ ሰሞን፣ ከአምቦ በላይ። ሰባት የደርግ ወታደሮች ተማርከው፣ እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። ፊት ለፊታቸው ሦስት ታጋዮች። አንደኛው የምርኮኛ ከስክስ በማሰሪያው አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ጫማው ከምርኮኞቹ አንዱ የነበረው የአለሙ ነው። የታጋዩ ፊት ደግሞ የሰብስቤ፤ ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳው፣ ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ የሚቀበለው ሰብስቤ።

አለሙ ያኔ አዲስ አበባ የገባው በባዶ እግሩ ነው። ቁራሽ ዳቦ ቢለምን አንዲት ሴት "ተሸንፈህ መጣህ?" ብላዋለች። አልረሳትም። የኤግዚቢሽኑ ኮሚቴ "ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጠ ሠዓሊ" ብሎ የሳቀበትንም አልረሳም። ሰብስቤን ቤተ ክርስቲያን አይቶ ከለየው አራት ዓመቱ፤ ሰውየው ግን አንድ ቀን እንኳ ለይቶት አያውቅም። ዛሬ ይለየዋል። ግን ቢክድስ? አዳራሹ በሙሉ ከሱ ጋር ቢቆምስ?

"ልጆቹን ይዞ ነው የሚመጣው እኮ። በልጆቹ ፊት…" አለች ሙሉወርቅ።

"እኔንም በሰው ፊት ነው ያስወለቀኝ።"

ሰብስቤ ሰዓቱ ሳይደርስ ብቻውን ገባ፤ ልጆቹ መኪናውን ፓርክ እያደረጉ ነው። ሥዕሉ ጋ ሲደርስ ቆመ። መነጽሩን አወለቀ፤ መልሶ አደረገው።

"ይሄ እኔ ነኝ።"

"ነህ" አለ አለሙ።

"አንተስ የቱ ነህ?"

"ሦስተኛው።"

ሰብስቤ ሦስተኛውን ምርኮኛ ቀረብ ብሎ አየው። "ልጆቼ ሌባ እንዲሉኝ ነው?"

"እንዲሉህ ነው።"

"ይበሉኝ። ጫማህን ወስጃለሁ። ኋላ ሳደርገው ጠቦኝ ተረከዜን ልጦታል፤ ግን አላወለቅኩትም።" ጣቱን ወደ ሥዕሉ ግርጌ ወሰደ። "እዚህ ላይ ግን ደህና የላስቲክ ኮንጎ ጫማ አድርገህልኛል። ኮንጎ ነበረኝ እንዴ አለሙ?"

ሰብስቤ ኮንጎ አልነበረውም። በሸሚዝ እጅጌ የተጠቀለለ፣ ዝንብ የወረረው ቁስለኛ እግር ነበር። አለሙ ያንን እግር ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ያውቀዋል፤ ሲሥለው ግን ጫማ አደረገለት።

ኮሪደሩ ላይ የልጆቹ ድምፅ ተሰማ።

"ጋሼ፣ ላውርደው?" አለች ሙሉወርቅ።

"አይወርድም። በሩን አስር ደቂቃ ብቻ አቆዪልኝ፤ ቀለሜ መኪና ውስጥ ነው።" ቁልፉን አውጥቶ ወደ ሰብስቤ ዞረ።

"የተጠቀለለው እግርህ የትኛው ነበር? ግራው ነው ቀኙ?"