ያልጠጣችው መጠጥ

የከተማ አውቶቡስ ሾፌሯ በቀን አራት ሲጋራ ታጨሳለች፤ ደብቃም አታውቅም። ለዓመታዊው የጤና ምርመራ በመሥሪያ ቤቷ ክሊኒክ ስትቀርብ አንድ ጎልማሳ ነርስ፣ «ታጨሻለሽ?» አላት።

«አዎ። በቀን አራት።»

ነርሱ ቀና ሳይል ቅጹን መሙላቱን ቀጠለ። ሌላ ምንም አልጠየቃትም።

በሳምንቱ፣ መኪናዋን አስረክባ ቲኬት ቢሮ እንድትቀመጥ የሚያዝ ደብዳቤ ደረሳት። ምክንያቱ «የአልኮል ተጠቃሚ በመሆንዎ» ይላል።

ደሟ ፈላ። አባቷ ጠጪ ነበር፤ በልጅነቷ ከየመጠጥ ቤቱ ደጃፍ እየደገፈች ቤት ያስገባችው እሷ ነች። በሠርጓ ቀን እንኳ መጠጥ ስትቀምስ ያያት የለም። ታናሽ እህቷ ደብዳቤውን አንብባ፣ «ሲጋራውን ተዪው ስልሽ! ይኸው ስም አሰጠሽ» አለቻት።

«ስለ ሲጋራው የፈለጉትን ይበሉኝ፣ አጨሳለሁ። ያልጠጣሁትን ግን በግድ ሊያጠጡኝ ነው እንዴ?»

በማግስቱ ጠዋት ክሊኒኩ ሄዳ ደብዳቤውን ነርሱ ፊት ዘረጋችው።

«ትጠጫለሽ ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል?»

«አልጠየቅኩሽም። ግን የሚያጨስ ሰው መጠጥ መች ይቀርለታል? ያውም ሴት ሆና...»

«ያውም ሴት ሆና ምን? ጨርሰዋ!»

ወረፋ ይጠብቁ ከነበሩት መካከል ጡረታው የደረሰ አንድ መካኒክ ብድግ አለ።

«እኔ ሲጋራ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እስካንገቴ ነው የምጠጣው። ለኔስ ምን ብለህ ሞላህልኝ?»

ነርሱ ፋይሉን እያመነታ ገለጠ። «አይጠጣም» ይላል። ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ ሾፌሯ ግን አልሳቀችም። የክሊኒኩ ኃላፊ የሆነችው ሐኪም ጫጫታውን ሰምታ ወጣች። ነገሩን ስትሰማ ሾፌሯን ወደ ውስጥ አስገብታ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ራሷ ጠየቀቻት፤ ሾፌሯም እየሳለች መለሰች። ሐኪሟ ደሟንም አስመረመረች።

«ፋይልሽ ይስተካከላል» አለቻት። «ሳልሽ ግን አላማረኝም። አራቱም ቢሆን ብዙ ነው።»

«እሱን ንገሪኝ፣ እሰማለሁ። እሱ የራሴ ጥፋት ነው። ይኼኛው ግን የናንተ ነው፤ የናንተ መሆኑ በጽሑፍ ይሰጠኝ።»

አሥራ አምስት ቀን ተመላለሰች። በመጨረሻ «ስህተቱ የክሊኒኩ ነው» የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተቀብላ ወደ አውቶቡሷ መሪ ተመለሰች። ሲጋራውን ወደ ሁለት አውርዳዋለች፤ ሳሉ ግን ገና አልለቀቃትም። ነርሱ እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቃትም፤ እሷም ሰላም አትለውም።