ድልድዩን ማን አፈረሰው?

የላይኛው ሰፈር ሰዎች እንዲህ ይላሉ፦ ጠላት እንዳይሻገር ብሎ ድልድዩን በገዛ እጁ ፈንጂ አጥምዶ ያፈረሰው ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ቀኝ እግሩም የተሰበረው እዚያው ላይ ነው። የታችኛው ሰፈር ሰዎች ደግሞ እንዲህ ይላሉ፦ ድልድዩን ሊያፈርሱ የመጡትን የላይኛው ሰፈር አውሬዎች ብቻውን ቆሞ የመከተው ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ድልድዩ የወደቀው እሱ ከወደቀ በኋላ ነው። ሁለቱም ወገን ነገሩን የሰማው ከራሱ ከሰውዬው አፍ እንደሆነ ይምላል።

ሰውዬው ግን ስለ ድልድዩ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ያደረገው ነገር ቢኖር ራሱን በአዎንታ መነቅነቅ ብቻ ነው።

ጥፋቱ የሙያው ነው። ፀጉር አስተካካይ ደንበኛው ያለውን ሁሉ «እንዴታ!» እያለ ካልነቀነቀ ጦሙን ያድራል። ከጦርነት የተረፈ ሰው ደግሞ ጭቅጭቅ የሌለበት ቀን ካገኘ ሌላ አይመኝም፤ ስለዚህ ጦርነቱ ካበቃ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ ለሰላም ሲል ነቀነቀ። ሁለቱን ወገን ማገልገል ለእሱ እንግዳ ነገር አልነበረም። የጦርነቱን ግማሽ ለላይኞቹ ሲተኩስ ቆይቶ፣ ድልድዩ በወደቀበት ቀን ተማረከና የቀረውን ግማሽ የታችኞቹን ጦር ፀጉር ሲቆርጥ ከረመ።

ፀጉር ቤቱ ሁለቱ ሰፈሮች የሚገናኙበት መንገድ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወት፣ ከመጋረጃው ጀርባ የእህቱ የልብስ ስፌት መኪና። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የላይኞቹ ቀን ነው፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የታችኞቹ። ፎጣው እንኳ ለየብቻ ነው፦ ነጩ የላይኞቹ፣ ሰማያዊው የታችኞቹ። እህቱ ሁሉንም በአንድ ሳፋ ዘፍዝፋ እንደምታጥብ ቢያውቁ ሁለተኛ ጦርነት ይነሣ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የታችኛው ሰፈር ጡረተኛ መምህር ወንበሩ ላይ ነበሩ። ግራ ጉንጫቸው ተላጭቷል፤ ቀኙ ገና በአረፋ ተሸፍኗል። በዚህ መሃል የላይኛው ሰፈር ባለ መድኃኒት ቤት በሩን በርግደው ገቡ።

«ዛሬ ማክሰኞ ነው!» አሉ መምህሩ ከአረፋው ውስጥ።

«ቀን ለመቁጠር አስተማሪ አልቀጥርም» አሉ ባለ መድኃኒት ቤቱ፤ ወደ ፀጉር አስተካካዩም ዞረው አንድ ወረቀት ዘረጉ። «የኔ ልጅ፣ እሑድ ከወንዙ ዳር ሐውልት እንመርቃለን። መድረክ ላይ ወጥተህ ድልድዩን እንዴት እንዳፈረስከው ትናገራለህ። ወረቀቱ ታትሟል።»

መምህሩ ተፈናጥረው ተነሡና ከደረት ኪሳቸው የራሳቸውን ወረቀት መዘዙ። «የእኛም ታትሟል! እሑድ፣ በዚያው ሰዓት፣ በእኛ ዳርቻ! እንዴት እንደጠበቀው ነው የሚናገረው። እዚሁ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ጠይቄው ነቅንቋል!»

«ለእኔም ነቅንቋል!»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ። «ወንድምዬ፣» አለች እህቱ ከመጋረጃው ጀርባ፣ «እግርህ እንኳ ይሁን፤ አሁን ጉድ የሠራህ አንገትህ ነው።»

«ባትመጣ» አሉ ባለ መድኃኒት ቤቱ፣ «ከላይኛው ሰፈር አንዲት ፀጉር እዚህ ወለል ላይ አትወድቅም።»

«ከታችኛውም!» አሉ መምህሩ።

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አስቀመጠ። ያለችው ይህቺው ወንበር ናት። ግን ደክሞት ነበር።

«ማንም አላፈረሰውም» አለ። «ታችኞቹ ማርከውኝ፣ እየነዱኝ ስንሻገር በራሱ ጊዜ ተናደ። ብሎኖቹን ዝገት በልቷቸው ነበር። ብረቱ እግሬ ላይ ተጋደመ። ያኔ ከዚህም ከዚያም ዳር ተኩስ አቁመው ወረዱና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው አብረው አነሡልኝ። ከዚያ እየሮጡ ተመልሰው መታኮሳቸውን ቀጠሉ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ከአራት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«ይህን ቅጥፈት ይሰማሉ?» አሉ ባለ መድኃኒት ቤቱ።

«ዝገት!» አሉ መምህሩ። «ለዝገት ሐውልት ሊቆም ነው?»

«የሰማዕታቱን ደም ማራከስ ነው እንጂ!»

«ልክ ብለዋል፣ ወንድሜ።»

ሦስት የዕርቅ ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ ሦስቱም አበል በልተው ያልቻሉትን አንድ የዛገ ብሎን ቻለው። ባለ መድኃኒት ቤቱ መሐረባቸውን አውጥተው አረፋውን ከመምህሩ ኮት ላይ ጠረጉላቸው።

«ስማ፣ ልጄ» አሉ መምህሩ ረጋ ብለው። «የእኛ ጀግና ሁን፤ ካልሆነም የእነሱ ሁን። ግድ የለም፣ ጠላትም ቢሆን እንለምደዋለን። ዝገት የሚሉት ነገር ግን በዚህ አገር አይነገርም። ተግባባን?»

«ተግባባን በል» አሉ ባለ መድኃኒት ቤቱ።

አንገቱ እንደ ልማዱ ወደ ፊት ዘንበል ማለት ሲጀምር ተሰማው። ፈጥኖ በእጁ አገጩን ደግፎ ያዘው። ከመጋረጃው ጀርባ እህቱ ሳቋን ለቀቀችው።

«እሑድ እመጣለሁ» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ግን ሁለቱም መድረክ ላይ አልወጣም። በሁለታችሁም ዳር እንዲሰማ፣ ወንዙ መሃል ካለው ድንጋይ ላይ ቆሜ ስለ ዝገቱ እናገራለሁ። ከሰኞ ጀምሮም የላይኛው ቀን፣ የታችኛው ቀን የሚባል የለም፤ የመጣ ይቆረጣል፤ የሚመጣ ከጠፋ ለእህቴ የልብስ ቁልፍ እተክላለሁ። አሁን ይቀመጡ፣ መምህር፤ ቀኝ ጉንጭዎ ይቀረዋል።»