ጉልላቱ የሚታይበት ቦታ

ከገሳይ በኩል የሚወርደው አስፋልት ደብረ ታቦር ገብቶ ከገበያው መንገድ ጋር በሚገናኝበት መስቀለኛ ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ሰው ሞቷል። ቤዛዊት ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ የመንገድ መሐንዲስ ሆና ስትቀጠር የመጀመሪያ ሥራዋ ይኸው ሆነ። አለቃዋ አቶ ጌጡ ፋይሉን ሲሰጧት ፍልሰታ ሳይገባ መፍትሔ እንድታመጣ አዘዟት። በፍልሰታ በየቀኑ ቅዳሴ አለ፤ የሚሻገረው ሰው እጥፍ ይሆናል።

ስድስት ቀን ሙሉ መንገድ ዳር ቆማ ቆጠረች። ሰው ማነጋገር አትደፍርም፤ እርሳስና ወረቀቷን ይዛ ዝም ብላ ታያለች። ጆንያ ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ዘርግተው የሚሸጡት እማማ እቴነሽ ግን ዝምታዋን አልቻሉትም። በሁለተኛው ቀን የሚቀመጡበትን ዱካ ገፋ አደረጉላትና፣

"ልጄ፣ እንዲህ እየቆጠርሽ ለማን ልትሸጭን ነው?" አሏት።

ከዚያ ወዲያ አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር የምትቆጥረው።

ነገሩ የተገለጠላት በአራተኛው ቀን ነው። ሰዎቹ የሚገጩት ሲሻገሩ ሳይሆን ቆመው ነው። ቀድሞ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ከየትኛውም ዳር ትታይ ነበር። አሁን አዲሱ ባለ ሦስት ፎቅ ከልሏታል፤ ጉልላቷ በደንብ የሚታየው አስፋልቱ መሃል ሲደርሱ ብቻ ነው። ሳይሳለሙ ማለፍ ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ሰው መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ነጠላውን ያስተካክላል፣ ያማትባል፣ ሦስት ጊዜ ጎንበስ ብሎ ይሰግዳል፣ ከዚያ ይሻገራል። የባጃጅ ሾፌሮቹም እዚያችው ቦታ ላይ አንድ እጃቸውን ከመሪው አንስተው ያማትባሉ። ቤዛዊት ራሷ በየጠዋቱ እዚያው ቆማ ስትሳለም እንደሰነበተች ያስተዋለችው ያን ጊዜ ነው።

ያየችውን ጻፈች። መሃል ላይ ከፍ ያለ መቆሚያ፣ ከላይና ከታች ደግሞ የመኪና ፍጥነት የሚያበርድ ጉብታ ይሠራ አለች። አቶ ጌጡ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

"ሰው ሲሳለም ሞተ ብለሽ ማኅተም ልታስመቺበት ነው? ነገ ሃይማኖት ነኩ ቢባል ማን ሊመልስ ነው? 'በእግረኞች ጥንቃቄ ጉድለት' በይና ጨርሺው።"

ቤዛዊት የምትመልሰው ነበራት። ከአፏ የወጣው ግን "እሺ" ብቻ ነው። እንደታዘዘችውም ጻፈች።

ከእማማ እቴነሽ ጋር ግን መናገር አላቃታትም። ከሽንኩርታቸው አጠገብ፣ ከቦዩ ጠርዝ፣ በሕንፃውና በመብራት ምሰሶው መካከል፣ መስቀሉና የጉልላቱ እኩሌታ ይታያል። ይህንን አሳየቻቸው። አሮጊቷ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ብዙ አዩ።

"ከዚህማ በመስኮት ተያየን ማለት ነው፤ ይሁና፣ እሷ እንደሆነ ታውቀኛለች" አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚያው ሆነው ይሳለሙ ጀመር። ብቻቸውንም አልቀሩ። መሃል መንገድ የቆመ ባዩ ቁጥር "ኧረ አንተ፣ ለማርያም ነው ለመኪናው የምትሰግድ? ወዲህ ና!" እያሉ ይጠሩታል። ሰውም እየሳቀ ይመጣላቸዋል። ሐምሌ ሲያልቅ ከሽንኩርቱ አጠገብ ተራ ይዘው የሚሳለሙ ነበሩ። ቤዛዊት ብትቆጥር መሃል ላይ የሚቆመው በግማሽ ቀንሷል። ደስ አላት፤ ለማንም ግን አልተናገረችም፤ የትም አልጻፈችውም።

ፍልሰታ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ለሌላ ሥራ ወደ ሐሙሲት ተላከች። እሷ በሄደች በአራተኛው ቀን ማታ መሥሪያ ቤቱ ለጥንቃቄ ጉድለት መድኃኒት ያለውን አሠርቶ አመጣ፤ "ግራና ቀኝ ሳያዩ አይሻገሩ" የሚል ትልቅ የቆርቆሮ ሰሌዳ። እግረኛ ሁሉ እንዲያየው ተብሎ የተተከለው ከቦዩ ጠርዝ፣ ከምሰሶው አጠገብ ነው።

ነሐሴ ስድስት ስትመለስ ጆንያው የለም። ዱካው ተገልብጦ ሰሌዳው ሥር ተቀምጧል። ከማዶ ብረት የሚበይደው ጥላዬ ሥራውን አቁሞ መጣና ትናንት የሆነውን ነገራት። ጉም ነበር። የቅዳሴው ደወል ሲሰማ እማማ እቴነሽ እጃቸውን ተለቃልቀው ከቦታቸው ቆሙ፤ ፊታቸው ቆርቆሮ ብቻ ሆነ። በግራ ሞከሩ፣ በቀኝ ሞከሩ፣ ከዚያ ወደ መሃል ገቡ። ከላይ ድንጋይ የጫነ መኪና እየወረደ ነበር።

"ሁለቱን ሰግደዋል" አለ ጥላዬ። "ሦስተኛውን አልጨረሱም።"

ቤዛዊት ወደ አቶ ጌጡ ሄዳ ሰሌዳው ይነሳ አለች። የተመዘገበ ንብረት ስለሆነ ኮሚቴ ከጾሙ በኋላ ይየው ተባለች። በዚህ ጊዜ እሺ አላለችም። ወጥታ በቀጥታ ወደ ጥላዬ ሄደችና ሰሌዳውን ቁረጥልኝ አለችው።

"ደብዳቤ አለሽ?"

"የለኝም።"

"ቢጠይቁኝስ?"

"ቤዛዊት አዘዘችኝ በል።"

ጥላዬ የብረት መቁረጫውን አነሳ። ሰሌዳው ቦዩ ውስጥ ሲወድቅ የጉልላቱ እኩሌታ ከነመስቀሉ ጉሙን ገመስ አድርጎ ታየ። የዕለቱ የቅዳሴ ደወል ተደወለ፤ ሰው ከገበያው በኩል መምጣት ጀመረ። ቤዛዊት በሕይወቷ እንዲያ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ "ከዚህ ይታያል፣ ከዚህ ተሳለሙ" እያለች ለመጣው ሁሉ ታሳያለች። የመጀመሪያዋ ሴትዮ መረቋትና ከጠርዙ ላይ ሦስቱንም ሰገዱ።

ከዚያ ተሻገሩ። መሃል ሲደርሱ ግን እንደገና ቆሙ። አስፋልቱ ላይ፣ ደም በነበረበት፣ አመድ ተበትኗል። ሴትዮዋ አመዱን እንዳይረግጡ ዞረው ጎንበስ አሉና፣

"ነፍስ ይማር፣ እቴነሽ" አሉ።

ከኋላቸው የመጡት ሁለት ሰዎችም እንዲሁ አደረጉ። የሽንኩርት ደንበኞቻቸው ነበሩ፣ ጎረቤቶቻቸው ነበሩ፤ በአመዱ አጠገብ ዝም ብሎ የሚያልፍ አልነበረም። ቤዛዊት ከጠርዙ ሆና ቆጠረች። ደወሉ ሳያበቃ ሰባት ሆነዋል፤ አንገታቸውን ደፍተዋል።

ከላይ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ የጭነት መኪና ጥሩምባ ተሰማ። ቤዛዊት ሁለት እጇን አንስታ ወደ አስፋልቱ ገባች።