ዳነች ያላት መኪና

ሬዲዮ ጠጋኙ ያን ቀን ጋራዡ ውስጥ የገባው ደረቱን ነፍቶ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የነዳት ቀይ የስፖርት መኪና፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዘው፣ እሱ «ቀዮ» የሚላት፣ ካምና ጀምሮ ሆዷ ውስጥ ቋ ቋ የሚል ነገር ነበረባት። መካኒኩ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ቢታይ ይሻላል» ቢለው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ከረመ። እና ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ድምፁ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ በራሱ ጊዜ ጠፋ።

«ዳነች» አለ ቁልፉን እያቀበለ። «አንተ ሞተሯን ልታወርድ ስትቋምጥ እሷ ራሷን አከመች። ዘይት ብቻ ቀይርላት።»

መካኒኩ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። ከዚያ ቀና ብሎ ሽማግሌውን አየው፤ ከሱ አልፎ ደግሞ አብራው መጥታ በሩ ላይ የቆመችውን የሽማግሌውን ልጅ አያት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

«ምንድን ነው እሱ የምትተያዩት?» አለ ሬዲዮ ጠጋኙ።

መካኒኩ ሞተሩን አጠፋ። ንጹሕ የሆነ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየና ጠጋ ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ጋሼ፣ ድምፁ አልጠፋም። እንዲያውም ብሶበታል። እናንተ ገና ጥጉን ሳትታጠፉ እዚህ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።»

የጆሮ ሐኪምም ነግሮት ነበር። ጆሮው ውስጥ ያለችው ትንሽ አጥንት እየደረቀች ነው፤ በዚህ ከቀጠለ ዓመት ሳይሞላ ምንም ላይሰማ ይችላል ብሎታል። እሱ ግን መች አምኖ! የጠገነውን ሬዲዮ ደንበኞቹ «ሲከፈት ያደነቁራል» ብለው ሲመልሱለት፣ የዘንድሮን ሰው ምን ነካው ይል ነበር። ልጁ ካልጮኸች አላነጋግር ስትለው፣ አመሏ ከፋ ብሎ አዝኖባታል። አሁን ሁሉም ነገር አንድ ላይ መጥቶ ደረቱ ላይ ተቀመጠ።

መካኒኩ የጀመረውን እንደ ምንም ነግሮት ጨረሰ። ሞተሩ ወርዶ፣ ተፈትቶ፣ ውስጡ እንዳለ መታደስ አለበት። ለዚህች መኪና ደግሞ ዕቃ ገበያ ላይ አይገኝም፤ ገሚሱን ከሩቅ ማስመጣት፣ ገሚሱን ቶርኖ ቤት በልኳ ማሠራት ነው። ስምንት ወር ይፈጃል። አይ ከተባለ ግን አንድ ቀን መንገድ ላይ ሞተሩ ድርቅ ብሎ ይቀራል፤ ያን ጊዜ የሚታደስ ነገር የለም።

«ይቅር» አለ ሬዲዮ ጠጋኙ። «አትንካት። እስክትቆም እነዳታለሁ። በስምንት ወሯ ተጠግና ብትመጣ ድምጿን ማን ይሰማላታል?»

«አባዬ» አለች ልጁ በጩኸት፣ «አሁንስ መች ሰማሃት?»

ሬዲዮ ጠጋኙ የመኪናዋን በር ከፍቶ መሪዋ ጋ ተቀመጠ።

በቆርቆሮው ጣሪያ ቀዳዳዎች የሚወርደው ብርሃን ወለሉ ላይ ተበትኗል፤ የዘይቱ ኩሬ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጣሪያ፣ ሌላ ቀዳዳ፣ ሌላ ብርሃን አለ። ዓለም ድምፆቿን ይዛ ከክፍል ወደ ክፍል እየገባች፣ በሩን ቀስ አድርጋ እየዘጋችበት ነው። የቀዮ ድምፅ በየትኛው በር እንደ ወጣ እንኳ አላየም። ዓይኑን ጨፈነ። ያኔ፣ ይህቺ በር ላይ የቆመችው ሴት የሦስት ወር ሕፃን ሳለች፣ ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ከጀመረች የሚያባብላት አልነበረም። እሱ ግን መላ አገኘ። ከነቅርጫቷ ጎኑ ያለው ወንበር ላይ ያስቀምጣትና፣ ግቢ ውስጥ እንደ ቆሙ ሞተሩን ያስነሳል። ድርርር ይላል ቀዮ። ልጅ ትተኛለች፣ አባት ይተኛል፣ የታጠበው ልብስ ገመድ ላይ ይወዛወዛል፤ እናቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ መስኮቱ ላይ ሆና ትስቅባቸዋለች። ከዚህ ሁሉ የቀረው ያ ድምፅ ብቻ ነበር፤ እሱንም ሳይሰናበተው ሄደ።

ትከሻውን የነካው መካኒኩ ነው። ረጅሙን ካቻቪቴ ይዟል፤ ያቺን ጫፏን ሞተር ላይ፣ እጀታዋን ከጆሮው ጀርባ አጥንት ላይ አስደግፎ የሞተር ሕመም የሚያዳምጥባትን። ሽማግሌውን ከመኪናዋ አስወርዶ ሞተሩ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጠው። ክዳኑን ከፍቶ ሞተሩን አስነሣ፣ ጫፏን አስቀመጠ፣ እጀታዋን በደንብ ጠረገና ወደ ሽማግሌው አፍ አቀረበው።

«እርስዎ በጥርስዎ ይያዙት» አለ።

ሬዲዮ ጠጋኙ፣ ይሄ ሰው ያሾፍብኛል እንዴ እያለ፣ ያዘው።

መጣች። በጆሮው አይደለም፤ በጥርሱ ገብታ፣ በመንጋጋው ወጥታ፣ ጭንቅላቱን ሞላችው። ድርርር። ያው ግቢው፣ ያው ከሰዓት በኋላ። እንባው ዝም ብሎ ወረደ። ቆይቶ ግን ከድርርሩ ሥር ሌላውን ሰማ። ቋ። ቋ። ቋ። ጥርሱን አመመው። እሷ እንዲህ እየተቀጠቀጠች፣ እሱ ዳነች እያለ ሰፈር ለሰፈር ሲያንሸራሽራት ከርሟል።

ካቻቪቴውን ከአፉ አወጣ። «አውርዳት» አለ። «ሙሉ በሙሉ አድሳት። እኔ ድምጿን ልስማ ብዬ እሷን አልገድልም።»

መካኒኩ በእሺታ ራሱን ነቅንቆ ሞተሩን አጠፋ። ጋራዡ ጸጥ አለ፤ ለሬዲዮ ጠጋኙ ግን ከበፊቱ ብዙም አልተለየም። ልጁ መጥታ ፊቱ ተንበረከከች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያያል፤ ቃሉ አይደርሰውም። ለመጮህ አየር ሳበችና ተወችው። ካቻቪቴውን አየች፣ እሱን አየች። ከዚያ ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ይዛ ግንባሯን ግንባሩ ላይ አስጠጋች፤ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው በቀስታ ተናገረች።

«አባዬ፣ ተቆጥቼህ አይደለም የምጮኸው። ይሰማሃል?»

ድምጿ የእናቷ ነው። ቀስ ብላ ስትናገር የእናቷ እንደሆነ ረስቶት ነበር።

«ይሰማኛል» አለ። «ትንሽ አውሪኝ።»