ቀልዓው ውስጥ የጠጣሁት ውሃ

ያዕቁብ የሚባል ሰው ሳናን ስጡኝ ብሎ ሽማግሌ የላከብኝ ጊዜ፣ ሰዎቹን ደጅ ላይ አቁሜ የጠየቅኋቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የት ሊያኖራት?»

እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «ቀልዓው ጋ» አለ።

ቀልዓ የሚሉት ከገዳሪፍ ወደ ሰሜን፣ የቡጣና ሜዳ ዛፍ እስኪያጣ ተኪዶ የሚገኝ አሮጌ ምሽግ ነው። ያዕቁብ የእሱ ዘበኛ ነው። አባቱ መተማ ከእኛ ጋር ያደገ፣ ኋላ ገላባት ላይ በቅመም ንግድ የከበረ ሰው ነበር። ልጁ ያን የመሰለ ሱቅ ለወንድሞቹ ትቶ ድንጋይ ሊጠብቅ ሄደ።

«የሙታን ቤት ለሚጠብቅ የምሰጠው ልጅ የለኝም» ብዬ ሸኘኋቸው። ሻይ እንኳ አላቀረብኩላቸውም።

ሳና የልጄ የራሒማ ልጅ ናት። ራሒማ በወሊድ ስትሞትብኝ ሕፃኗ እኔ እጅ ላይ ቀረች። ገዳሪፍ ገበያ ዳር፣ ሱቄ ውስጥ፣ የሰሊጥ ጆንያ ላይ እያስተኛሁ አሳደግኋት። ተማረች፣ አስተማሪ ሆነች። አንድ ቀን ተማሪዎቿን ይዛ ያን ምሽግ ልታስጎበኝ ሄደች። ስትመለስ ጫማዋ አሸዋ ሞልቷል፣ ዓይኗ ግን እዚያው ቀርቷል። እኔ ሞኟ ፀሐይ መትቷት ነው ብዬ ራሷን በቀዝቃዛ ውሃ አጠብኳት!

እምቢ ካልኩ እንደማትሄድ ሁለታችንም እናውቃለን። ያቃጠለኝም ይኸው ነው። ብትጮኽብኝ እጮኽባት ነበር፤ መጮህ አያቅተኝም። እሷ ግን ስጠራት «አቤት፣ ሃቦባ» ትላለች፣ እዚህ ያደጉ ልጆች አያታቸውን የሚጠሩት እንዲያ ነው፤ ከዚያ የታዘዘችውን ሠርታ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። ቤቴ ውስጥ አለች፣ ግን የለችም።

ሰሊጡ ታጭዶ ተወቅቶ ካለቀ በኋላ፣ «ተነሺ፣ ቤቱን ልናይ ነው» አልኳት።

«እምቢ ብለሽ የለ እንዴ?»

«ሳላይ ነው እምቢ ያልኩት። አሁን አይቼ እምቢ እላለሁ።»

ብዙ ቀን ያልሰማሁትን ሳቅ ሳቀች። ልቤ ፈራ።

በእኛ ወገን ልጅ ከመዳሩ በፊት የቤቱ ትልቅ ሴት ሄዳ የባልየውን ቤት ታያለች። ጎተራውን ታያለች፣ ከብቱን ታያለች። ጎተራ ሲባል ደግሞ በዓይን ብቻ አይደለም፤ ከላይ ማሽላ አልብሰው ከሥር ገለባ የሚሞሉ አሉና እናቴ እጇን እስከ ብብቷ ትከት ነበር። አይታ እስክትጨርስ ከዚያ ቤት ምንም አትቀምስም። ውሃ ከቀመሰች ልጅቷን ሰጠች ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ቃል አያስፈልግም። እናቴ የጠላችው ቤት ሄዳ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ተመልሳ ታውቃለች። እኔም የእሷ ልጅ ነኝ።

የወንድሜ ልጅ ሉጥፊ ከኋላ ክፍት በሆነችው መኪናው ወሰደን። ጎህ ሲቀድ ወጣን። የታጨደው ማሳ አለቀ፣ እሾሁም አለቀ፣ ከዚያ መሬቱ ሰማይ እስኪነካ ድረስ ራቁቱን ተኛ። ከፊታችን ውሃ ይታያል፤ ስንጠጋው ይሸሻል። ግመሎች እግር የሌላቸው መስለው በአየር ላይ ይንሳፈፋሉ።

«አክስቴ፣ ውሃ ይጠጡ እንጂ» አለ ሉጥፊ። «ይህ የኔ ውሃ ነው፤ የባልየው አይደለም።»

«ወደዚያ ቤት መንገድ ላይ ነኝ። አንተ መንገዱን ጠብቅ፣ የኔን ጉሮሮ ተወው።»

«ሃቦባ፣ የዛሬው ሙቀት እኮ…» አለች ሳና።

«ረመዳንን ሰሊጥ እያበጠርኩ የጾምኩ ሴት ነኝ። ዝም በይ።»

ቀልዓው መጀመሪያ እንደ ተኛ በሬ ታየን። ስንቀርብ አራት ማዕዘን፣ በየጥጉ ክብ ክብ ማማ ያለው፣ ከሥሩ ድንጋይ ከላዩ ጭቃ የሆነ ትልቅ ግንብ ሆነ። ዝናብ ጫፉን ልሶት ሻማ ቀልጦ የፈሰሰ ይመስላል። ዙሪያውን ጉብ ጉብ ያለ መሬት ነው፤ ከተማ ነበር አሉ። የተሰበረ ሸክላ እንደ ጠጠር ተበትኗል፣ በረገጡት ቁጥር ይንኳኳል። ከውጭ አገር የሚመጡ ቆፋሪዎች መሬቱን በሲባጎ ከፋፍለው፣ እንደ መደብ ቆፍረው ሄደዋል።

ያዕቁብ ከማማው ጥላ ወጣ። ረጅም፣ ጀለቢያው ንጹሕ፣ ፊቱን ፀሐይ ያጠቆረው ሰው ነው። ሳናን አላየም። ማየት እየፈለገ አላየም፤ ይህን ልብ አልኩ።

«እማ ባሕሪያ፣ እንኳን ደህና መጡ። ውሃ…» ብሎ አፉን ያዘ።

«ደንቡን ነግራሃለች ማለት ነው።»

«ነግራኛለች።»

«ጥሩ። ጎተራህን አሳየኝ።»

አንገቱን አከከ። ከዚያ በግንቡ በር አስገባኝና ግቢው መካከል ከመሬት ሥር የተቆፈሩ ሰፋፊ ጉድጓዶች አሳየኝ። «የዚህ ቤት ጎተራ ይኸ ነው። ማሽላ ያኖሩበት ነበር።»

«ማን?»

«እነሱ።» እጁን ወደ ግንቡ ዘረጋ።

በዱላዬ ወጋሁት። አሸዋ። «ባዶ ነው» አልኩ።

«ጥቂት ዘግይተው መጡ፣ እማ ባሕሪያ» አለ። ሳና ሳቋን በተከናነበችው ቶቧ ጫፍ አፈነች። እኔም ልስቅ ነበር፤ ከንፈሬ ደርቆ አዳነኝ።

ከክፍል ወደ ክፍል ይዞኝ ዞረ። ይህ በረት ነበር፣ ይህ የወታደር ማደሪያ ነበር ይላል። እኔ አልሰማውም፤ በራሴ ዓይን አየዋለሁ። ጢስ ያጠቆረው ግድግዳ አለ፤ ማድ ቤት ነው። ከጎኑ ወለሉ ላይ የተተከለ ወፍጮ አለ፤ መካከሉ እንደ ጀልባ ጎድጉዷል። እጄን አስገባሁበት። ለስላሳ ነው፣ እንደ ሕፃን ጀርባ። ድንጋይ እንዲህ እስኪለሰልስ ስንት ሴት ጎንበስ ብላለች? ወታደሩን ሁሉም ያወራል። የፈጨችለትን ማን ያውቃታል?

ቀትር ሆነ። ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ። «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ልቀመጥ» አልኩ። ጣሪያው ግማሽ የቀረ ክፍል ነበር፣ ግድግዳው ላይ ጠባብ የቀስት መወርወሪያ ቀዳዳ ያለው። ነፋስ በዚያች ቀዳዳ ይገባል። አሸዋው ወለሉ ላይ በቀስታ ይፈሳል፣ ድምፁ የምንጭ ድምፅ ነው። ጀርባዬን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ። ጭቃው ቀዝቃዛ ነበር፤ እንደ ሰው ይተነፍሳል።

ከዚያ ሴቶቹ ገቡ።

አላስደነገጡኝም። ጎረቤት ቡና ብሎ እንደሚገባው ነው የገቡት። አንዷ ፀጉሯን በቅባትና በቀይ አፈር የሠራች፣ አንዷ እስከ ክርኗ የዝሆን ጥርስ አምባር ያደረገች፣ አንዷ ገና ልጅ፣ አንገቷ ላይ ከሰጎን እንቁላል ቅርፊት የተሠራ ነጭ ጨሌ ያላት። ያ ወፍጮ እዚህ መጥቷል፤ ዙሪያውን ተቀመጡ። ቋንቋቸው ዓረብኛም አማርኛም አይደለም፤ ግን ይገባኛል።

«አንቺ ከየት ተሰጠሽ?» አለችኝ ባለ አምባሯ።

«እኔ ልሰጥ አልመጣሁም፤ ቤት ለማየት ነው የመጣሁት» አልኳት።

ሳቁብኝ። «እኔ ከወንዙ ማዶ ነው የተሰጠሁት» አለች። «እኔ ከተራራው» አለች ባለ ቀይ አፈሯ፤ «የተራራዬን ጫፍ ከማማው ላይ አያለሁ እያልኩ ስንት ዓመት ወጣሁ፣ ወረድኩ።» ልጅቷ ምንም አላለችም። እየፈጨች ነበር። ዱቄቱ ከእጇ ሥር እንደ ጭጋግ ይነሳል፣ ክፍሉን ይሞላል፣ እኔም ውስጡ ተቀምጫለሁ።

«እናትሽስ?» አልኳት ልጅቷን። «አንቺ ስትሰጪ እናትሽ ማን ቀራት?»

ቀና አለች። ፊቷ የራሒማ ፊት ነበር። ራሒማ በዚያ ዕድሜዋ፣ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል የምታሳየው ፊት። «ውሃ ጠምቶሻል» አለችኝና የሸክላ ጽዋ ዘረጋችልኝ። ውሃው ጥቁር፣ ቀዝቃዛ፣ የዝናብ መሬት የሚሸት ነበር። ጠጣሁ። እየጠጣሁ ግንቡ አዲስ ሆነ፣ ጣሪያው ገጠመ፣ ጉድጓዶቹ ማሽላ ሞሉ፣ ከሩቅ ከብት እየጮኸ ወደ በረቱ መጣ።

ዓይኔን ስገልጥ ጽዋው እጄ ላይ ነው።

ሸክላ አልነበረም፤ የቆርቆሮ ኩባያ ነው። ቶቤ ደረቴ ላይ ርሷል። ያዕቁብ ከፊቴ ተንበርክኮ የኩባያውን ሥር ደግፏል። ሳና በሩ ላይ አፏን ይዛ ቆማለች። ከኋላዋ ሉጥፊ አንገቱን አስግጓል።

«ጠጣሁ?» አልኩ።

ሳና ወደ ያዕቁብ አየች።

«ጠጣሁ ወይ?!»

«ጠጥተዋል አክስቴ» አለ ሉጥፊ፣ ደስ ብሎት። «ግጥም አድርገው ነው የጠጡት።»

ወደ ያዕቁብ ዞርኩ። «ደንቡን እያወቅህ፣ የተኛች አሮጊት ታጠጣለህ? እንዲህ ነው ልጅ የሚወሰደው?»

ደነገጠ፣ ግን ዓይኑን አላሸሸም። «ውሃ እያሉ ሲያቃስቱ ሰማሁ። ላብዎ ቆሞ ነበር፣ እማ ባሕሪያ። እዚህ ላብ ከቆመ ሰው ይሞታል። ይሙቱብኝ?»

«ብሞትማ ሳናን መውሰድ ቀልሎህ ነበር።»

«ሃቦባ!» አለች ሳና።

«ይህን አልቆጥረውም» አለ እሱ። «በእንቅልፍ ነው የጠጡት። ነቅተው እምቢ ካሉ እምቢ ነው። ወላሂ ሁለተኛ ሽማግሌ አልልክም።»

ሳና ይህን ጊዜ ከበሩ ተነቀለች። የተቆጣችው በእኔ መስሎኝ ነበር፤ በእሱ ነው። «አንተ ማን ነህ የማትቆጥረው? እኔ እቆጥረዋለሁ! ስትጠጣ አይቻለሁ! ሁለት እጇን ዘርግታ ነው የተቀበለችህ!» ብላ ጮኸች። ጮኸች፣ የኔ ልጅ። ከፊሉ በዓረብኛ ነው፣ እሱን አልደግመውም። ስንት ጊዜ ያጣሁት ድምጿ በዚያ አሮጌ ግንብ ውስጥ ገደል ማሚቶ ሆኖ ሲዞር፣ ርግቦቹ ከጣሪያው ተነሱ። ቤቴ ውስጥ መስኮት ሥር የምትቀመጠው ሌላ ልጅ ነበረች። ይቺ ናት የኔዋ።

ትቀራለች ብል ትቀርልኛለች፤ ያቺ ዝምተኛዋ ትቀርልኛለች። በጠዋት «አቤት፣ ሃቦባ» ትለኛለች፣ ማታ በሩን ትዘጋልኛለች፣ ስሞት ዓይኔን ትከድንልኛለች። ይህን ሁሉ እፈልገዋለሁ። አልዋሽም።

«ያዕቁብ» አልኩት። «መንቃቴንና መተኛቴን የምትነግረኝ አንተ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ባሕሪያ ጠጥታ አልጠጣሁም ብላ አታውቅም። የጠጣሁትን ጠጥቻለሁ። አሁን ይህን የቆርቆሮ ዕቃህን ወስደህ ጣለው፣ አፌን ዝገት ዝገት ብሎኛል። ከዚያ የምትተኛበትን ቤት አሳየኝ፤ የነዚህን ሳይሆን የራስህን።»

ሳና እግሬ ላይ ወደቀች። «ተነሺ፣ ቶብሽን አቧራ በአቧራ ታደርጊዋለሽ» አልኳት። ሉጥፊ እልል አለ፤ ወንድ ሆኖ እልልታ! ዱላዬን ሳነሳበት ሮጠ።

ቤቱ ከግንቡ ሥር ያለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። ንጹሕ ነው። በሩ ግን የተሠራው ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ነው፤ በሌላው ወገን እንዲያወጣው ነገርኩት። ገበታውን በዚህ፣ የልብስ ሣጥኗን በዚያ አልኩ። ከጉብታው ማዶ ዝናብ የሚጠራቀምበት ኩሬ አለ፣ ከኩሬው አጠገብ የዘላኖቹ ልጆች የሚማሩባት የገለባ ዳስ አለች። አስተማሪ የላትም አለ። «አሁን አላት» አለች ሳና። የምጣላበት ነገር ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ያዕቁብ እኔ መጥቼ የማርፍበት ሦስተኛ ክፍል እንደሚሠራ ነገረኝ። «ሙታን መካከል?» አልኩት። ግን ወዴት በኩል ሊሠራው እንዳሰበ ጠየቅሁት።

ስንመለስ ፀሐይዋ ሜዳው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዞሬ አየሁ። ቀልዓው ወርቅ ሆነ፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ ከመሬቱ ጋር አንድ ሆነ። ማማው ላይ ሰው ቆሞ ያየሁ መሰለኝ፤ ያዕቁብ ይሆናል፣ ወይም ተራራዋን የምትፈልገዋ ሴት። ሉጥፊ ያንጎራጉራል። መኪናዋ አቧራው ላይ ዕቅፍ ልጅ እንደምትነቀንቅ እናት ታወዛውዘናለች።

ሳና ስለ ሠርጉ ስታወራ፣ ስታወራ፣ ትከሻዬ ላይ አንቀላፋች። ታንኮራፋለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንደ ግመል ታንኮራፋለች። ይህን ለያዕቁብ አልነገርኩትም፤ ራሱ ይድረስበት። ክንዴ ደንዝዞ ነበር፣ ሉጥፊም ዞር ብሎ፣ «ወደዚያ ገፋ ያድርጓት፣ አክስቴ» አለኝ።

«ወደፊትህ እያየህ ንዳ» አልኩት።