የሚነዝር ውሃ

ብርቅዬ እጇን ከቧንቧው ላይ መንጭቃ አነሳች። አንዳች ነገር ከጣቶቿ ጫፍ ተነስቶ፣ እንደ ጉንዳን መንጋ በአጥንቷ ውስጥ ሽቅብ ሮጦ፣ ክርኗ ላይ ሲደርስ ጠፋ።

«ነዘረኝ» አለች።

ምናለ የመታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ የተረፈውን ሽቦ ይጠቀልል ነበር። ቀና ሳይል ሳቅ አለ።

«ትንሽ ነው እትዬ፣ አዲስ ስለሆነ ነው። የማን ቤት የማይነዝር አለ? ይለመዳል።»

«ምኑ ነው የሚለመደው?»

«ነጠላ ጫማ አድርገው ከታጠቡማ ጭራሽ አይሰማዎትም።»

ቦይለሩ ከራሷ በላይ ሆዱን ነፍቶ ተሰቅሏል። ያመጣው አራጋው ነው፣ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም። ከወልድያ ሚኒባስ አናት ላይ አስጭኖ ሲመጣ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አይቶለታል። ልጇ ንጋት በቀዶ ጥገና ወልዳ ልትታረስ እናቷ ቤት እየመጣች ነበርና፣ «የወንድሜ ልጅ በዚህ ብርድ በጣሳ ውሃ አትታጠብም» ብሎ በአደባባይ ተናግሯል።

ብርቅዬ ያን ዕለት ሁለት ነገር ብላው ነበር። አንደኛ፣ መጀመሪያ ውሃውን እንይ፤ ለሰፈሩ የሚለቀቀው በፈረቃ ነው፣ ጣሪያው ላይ ያለው ታንከርም ዝቅ ያለ ስለሆነ ከፍ ይበል። ሁለተኛ፣ የሚያውቅ ሰው ይምጣ። አራጋው ለመጀመሪያው «ውሃውን ለእግዜር ተይው» አላት። ለሁለተኛው ደግሞ የተገረመ መስሎ፣ «ምናለ የኛው ልጅ አይደለም እንዴ?» አላት።

የኛው ልጅ። ከዚህ ሌላ ማስረጃ አልተፈለገም። ምናለ ቧንቧውን ገጥሞ የሞከረው ፈረቃው የደረሰ ቀን ነበርና ውሃው ከመስመሩ እየገፋ ፏ ብሎ ወረደ፤ አራጋው አጨበጨበ። ዛሬ መስመሩ ደርቆ ታንከሩ ብቻ ሲቀር፣ የሚወርደው እንደ ሽማግሌ ሽንት ቆም እያለ ነው። መብራቱ ደግሞ ዛሬ ተቀጠለ፤ እሱም ይነዝራል።

በግ ስትገዛ ጥርሱን ፈልቅቃ የምታይ አገር፣ መብራትና ውሃ የሚያገናኝላትን ሰው «የማን ልጅ ነህ?» ብላ ብቻ ቤቷ ታስገባዋለች። እሷ ራሷስ? እስከዛሬ መች ጠየቀች?

«ከዚህ በፊት የት ነው የሠራኸው?»

«ጋሸና። እነ ጀውሀራ ምግብ ቤት።»

ጀውሀራን ታውቃታለች። መኪና ለመቀየር ጋሸና በወረደች ቁጥር የምትበላው እሷ ዘንድ ነው። ስልኳን ከመቀነቷ አወጣችና ምናለ እያያት ደወለች።

«ያ ቀጭኑ?» አለች ጀውሀራ፤ ከኋላዋ የጭነት መኪና ይጮሃል። «ወላሂ ብርቅዬ፣ እሱ የሠራውን አስነቅዬ ጥያለሁ! መብራቱ ሣህን አጣቢዬን ጠፍሮ ይዟት በጣውላ መትተን ነው ያላቀቅናት። ምነው? አንቺ ዘንድ ምን ይሠራል?»

ብርቅዬ ቀና ብላ ቦይለሩን አየችው።

«ስሚኝማ አንቺ! ኋላ የመጣው ባለሙያ መጀመሪያ ያየው የመሬት ሽቦውን ነው፤ ያፈተለከውን መብራት መሬት የሚከተው እሱ ነው አለኝ። ሽቦው የታሰረበት ዘንግ የሰው ቁመት ያህል መሬት ካልገባ ዋጋ የለውም ብሎ ጓሮዬን አስቆፈረኝ። ያንቺው ገብቷል?»

ስልኩን ዘጋችና በረንዳው ግድግዳ ላይ ያለውን ዋናውን ማጥፊያ ወደ ታች ጣለችው። ከዚያ ወደ ጓሮ ዞረች።

የዚህ ሰፈር መሬት አለት ነው። ባሏ የመጸዳጃ ጉድጓድ ለማውጣት አንድ በጋ ሙሉ በመሮ ሲፈለፍል ከርሟል፤ አመሻሽ ላይ ሲገባ ቅንድቡ ሳይቀር በድንጋይ ዱቄት ቀልቶ ነበር የሚገባው። ታዲያ ይህ ልጅ በአንድ ቀን ምን አስገባ? ከግድግዳው ሥር ለስላሳ የአፈር ክምር አለ፤ ከመሃሉ የዘንጉ ራስ ሽቦ ታስሮበት ብቅ ብሏል። ብርቅዬ ሽቦውን ፈትታ፣ ዘንጉን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ እግሯን አንፈራጣ ሳበችው። በጀርባዋ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። እንደ ካሮት ተነቅሎ ወጣ። ስንዝር ቢሆን ነው። ታችኛው ጫፉ በብረት መጋዝ ተቆርጦ ያብለጨልጫል።

«አለት ነው እኮ እትዬ» አለ ምናለ ከኋላዋ። ድምፁ ውስጥ የነበረው ሳቅ የለም። «አልገባም አለኝ። ምን ላድርግ?»

«አልገባም በለኛ! አፍ የለህም?»

«ጋሼ አራጋው ዛሬውኑ ይድረስ ስላሉኝ...»

«መቁረጡንስ ቆረጥከው። አፈሩን ከየት አመጣኸው?»

ምናለ የጎረቤቱን አጥር ሰረቅ አድርጎ አየ።

«አፈሩን ነው የምልህ!»

«ከነየሻው ጎመን መደብ... በባልዲ።»

አፈሩን በመዳፉ ጠፍጥፎ፣ ውሃ አርከፍክፎ አስተካክሎታል። የጣቶቹ ፈለግ እስካሁን ይታያል። ውሸቱን ለማሳመር የደከመው ድካም ነው ከሁሉ በላይ ያንገበገባት። ልትጮህበት አፏን ስትከፍት የባጃጅ ጡሩምባ ከበር ተሰማ።

አራጋው ከፊት ወርዶ ንጋትን ደግፎ አወረዳት። የልጅቷ ፊት ወረቀት መስሏል፤ ሕፃኑን በነጠላ ሸፍና ደረቷ ላይ ለጥፋዋለች። እናቷን ሳመቻትና ጆሮዋ ሥር፣ «እማዬ፣ መጀመሪያ ገላዬን። መንገዱን ሙሉ እሱን ሳስብ ነው የመጣሁት» አለቻት።

«ዛሬ በባልዲ አሞቅልሻለሁ፣ የኔ ልጅ።»

የአራጋው ፈገግታ ተሰበረ። «በባልዲ ማለት?»

ብርቅዬ ዘንጉን ዘረጋችለት። «የሰው ቁመት ያህል መሬት መግባት የነበረበት ይሄ ነው። ውሃውም ይነዝራል።»

አልተቀበላትም። ምናለን አየው፤ ምናለ ጫማውን ያያል። ሻንጣ የሚያወርደውን ባለባጃጅ አየው። እፍረት ፊቱ ላይ ወጣና ለመቆየት ቦታ ሳያገኝ ቁጣ ሆነ።

«ዋርሳዬ፣ ሰው ፊት ነው» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ለብቻህ ስነግርህማ መች ሰማኸኝ?»

«ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ይሄን ቤት ማን አቆመው?»

«አንተ። ታዲያ ስላቆምከው ልጄን ልትገድልብኝ ነው?»

«እማዬ!» አለች ንጋት። አራጋው ነው ያስተማራት፤ የዳራትም እሱ ነው።

አራጋው፣ ንጋት ለብርዱ ትከሻዋ ላይ የጣለችውን ፎጣ ወሰደ። «እንግዲያው ልጄን የሚገድላት እኔን ይግደለኝ» አለ። በበረንዳው ሲያልፍ ማጥፊያውን ወደ ላይ አነሳና ገብቶ በሩን ከውስጥ ቀረቀረ።

ልብሱን ሲያወልቅ ይሰማል። ብርቅዬ ማጥፊያው አጠገብ ቆመች። ይንዘረው፣ አለች በልቧ። ብቻ ትንሽ። እንዲያውቀው ያህል፣ ያ ኩራቱ ከፊቱ እንዲረግፍ ያህል። ይህን መመኘቷ ቧንቧው ካስደነገጣት በላይ አስደነገጣት። ቧንቧው ሲንሲያጠጥ እጇ ቀደማትና ማጥፊያውን ወደ ታች መታችው።

ውስጥ ውሃው ይንጠባጠባል።

«ምንድነው ጨለማው? መብራቱ!» አለ አራጋው ከውስጥ።

«ሄዷል ጋሼ!» አለ ምናለ ፈጠን ብሎ። «የከተማው ነው መሰለኝ!»

ከዚያ ዞሮ ብርቅዬን አያት። ዓይኑ ይለምናል። የንጋትም ዓይን ይለምናል፦ በቃ፣ እንዲህ ይለፍ። መብራት የማይሄድበት ቀን የት አለና? ማንም አይጠይቅ። አራጋው መብራቱን እየረገመ፣ ክብሩን እንደ ፎጣው አገልድሞ ይወጣል። ራት ይበላል። ነገ፣ ወይ ከነገ ወዲያ፣ እሷ ገበያ ስትወርድ አንዱ ማጥፊያውን ያነሳዋል። ንጋት ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ትገባለች።

«አልሄደም» አለች ብርቅዬ።

ምናለ አንገቱን ደፋ።

«አራጋው!» ድምፏ ባለባጃጁ ድረስ ተሰማ፤ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ቆመ። «መብራቱ አልሄደም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ውስጥ ውሃው ቆመ። ቀጥሎ እርጥብ እግር ሲሚንቶውን ረገጠ፤ መቀርቀሪያው ቀስ ብሎ ተሳበ። ብርቅዬ እጇን ከማጥፊያው ላይ አላነሳችም።